ኮራል በሳምንት ስንት ጊዜ ይመገባል? ለቤት ሪፍ አኳሪየም የአሠራር መመሪያ

ዓሣ ያለበትና በቂ መብራት የሚያገኝ የቤት ሪፍ አኳሪየም (ኮራል የሚኖርበት የጨው ውኃ ገንዳ) ካላችሁ መልሱ አጭር ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ጀምሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ሁለትና ሦስት ከፍ ማለቱን ወይም እስከነጭራሹ መተዉን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ አይደለም። ያላችሁ ኮራል ምን ዓይነት ነው? ውኃችሁ ውስጥ ያለው ናይትሬትና ፎስፌት፣ ማለትም ከምግብ ትራፊና ከዓሦች ቆሻሻ የሚመጣው ንጥረ ነገር፣ ስንት ደርሷል? ጥያቄዎቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የዱቄት ምግብ ዕቃ ላይ «በየቀኑ» ተብሎ የሚጻፈውን ምክር በጥርጣሬ እዩት፤ ዕቃው ቶሎ ባለቀ ቁጥር የሚደሰተው ኮራሉ ሳይሆን ነጋዴው ነው።

ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። ኮራሉን የሚሠራው እያንዳንዱ ትንሽ እንስሳ ፖሊፕ ይባላል፤ አፍና ሆድ አለው። በአፉ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን ክንዶች በሚናደፉ ሕዋሳት የተሞሉ ስለሆኑ በውኃው የምታልፍ ደቃቅ ፍጥረት ስትነካቸው ትያዛለች። ሥጋው ውስጥ ደግሞ ዞዛንቴሌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከብርሃን ስኳር እየሠሩ አብዛኛውን ላስጠጋቸው ኮራል ይለቁለታል። ፋኒ ኡልብሬክና ክሪስቲን ፌሪየ-ፓዤስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት የጥናቶች ቅኝት እንደሚለው ጤነኛ ኮራል ከዕለት የጉልበት ፍላጎቱ ከ15 እስከ 35 በመቶ የሚሆነውን የሚሸፍነው አድኖ በሚበላው ነው። አልጌውን አጥቶ የነጣ ኮራል ግን እስከ 100 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ስኳር ጉልበት ይሰጣል እንጂ ብቻውን ሥጋ አይገነባም። ለሥጋ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ደግሞ የሚመጡት ኮራሉ ከሚበላው ወይም ዓሦቹ ወደ ውኃው ከሚለቁት ቆሻሻ ነው። ዓሦቻችሁ በየቀኑ የሚበሉ ከሆነ ኮራሉም ሳይጠራ ከማዕዱ ይካፈላል ማለት ነው። ብዙ ሰው ኮራሉን ለብቻው አንድም ቀን ሳያበላ ዓመታት የሚያኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ለብቻ ማብላት የሚያስፈልገው ፈጥኖ እንዲያድግ፣ ሥጋው እንዲሞላ፣ ወይም ያላችሁ ዓይነት ያለ እሱ የማይኖር ሲሆን ነው።

መጀመሪያ ያላችሁን ለዩ

ለስላሳ ኮራሎች። ሌዘር፣ ዜኒያና አብዛኞቹ ዞአንተሶች እዚህ ይመደባሉ። ለብቻ አታብሏቸው፤ ከዓሦቹ የሚተርፈው ይበቃቸዋል። ትልልቆቹ መሽሩሞች ብቻ ቁራሽ ማይሲስ (ሽሪምፕ የሚመስል ትንሽ ፍጥረት) ሲያገኙ ተጠቅልለው ይውጣሉ፤ ለእነሱ በሁለት ሳምንት አንዴ ብዙ ነው። ዞአንተስና ፓሊቶዋ በምትነኩበት ጊዜ ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁንም ወደ ዓይናችሁ አትውሰዱ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ብርቱ መርዝ አላቸው።

ባለ ትልልቅ ፖሊፕ ድንጋያማ ኮራሎች፣ ኤልፒኤስ የሚባሉት። ቶርች፣ ሐመር፣ አካን፣ ዱንካን፣ ትራኪፊሊያ። ይህ መመሪያ በዋናነት ለእነዚህ ነው። ሥጋቸው ወፍራም ነው፣ አፋቸው በዓይን ይታያል፣ የበሉትም ያስታውቅባቸዋል። አካን፣ ዱንካንና ትራኪፊሊያ በሳምንት ሁለቴ ቢበሉ ይጠቀማሉ። ቶርችና ሐመር አንዴ ይበቃቸዋል፤ መብራትና ውኃ ከተስማማቸው ባይበሉም ያድጋሉ። ጎኒዮፖራ ፖሊፑ ረጅም ስለሆነ ያሳስታል፤ አፉ ግን ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የሚፈልገው ደቃቅ ምግብ ነው።

ባለ ትንንሽ ፖሊፕ፣ ኤስፒኤስ። አክሮፖራ፣ ሞንቲፖራ፣ ስታይሎፎራ። እያንዳንዱን አፍ እየፈለጉ ማብላት የማይሆን ነገር ነው። ደቃቅ ዱቄት ወይም ሮቲፈር (እጅግ ደቃቅ የውኃ እንስሳ) በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ውኃው ውስጥ ይበተናል፣ ያውም ዕቃው ላይ ከተጻፈው ልክ ሩቡ። ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ቀይ ባሕር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ስታይሎፎራ ፒስቲላታ ሞናኮ ባሉ ላቦራቶሪዎች ተመግቦ ሲያድግ ካልተመገበው ይልቅ ፈጥኖ አጽሙን እንደሚገነባ ታይቷል። ቤት ውስጥ ግን አልካሊኒቲው (ኮራሉ አጽሙን የሚሠራበት፣ ውኃው ውስጥ ያለው የካርቦኔት መጠን) ከቀን ወደ ቀን የሚዋዥቅ ከሆነ ዱቄቱን ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ብርሃን የማይጠቀሙ። ሰን ኮራል ዋናው ነው፤ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ከምግቡ በፊት ውኃውን ለኩ

ብዙ ሰው ምግቡን ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው መለኪያ የሚፈልገው። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጥሩ የፎስፌት መለኪያ ግዙ፣ ምግቡ ይቆይ።

ለተደባለቀ የቤት ሪፍ ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ደግሞ ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱም በዚህ መካከል ካሉ በሳምንት አንዴ ያልኩትን ጀምሩ። ከዚህ በላይ ከሆኑ ማብላቱን አቁማችሁ መጀመሪያ ውኃ ቀይሩ፣ ስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ) አጽዱ፣ ለዓሦቹ የምትሰጡትንም ተመልከቱ። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ደግሞ «ውኃዬ ንጹሕ ነው» ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ኮራሉ እየተራበ ነው፣ ቀለሙም ይገረጣል፤ አሸዋው ላይ አረፋ ያዘለ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ካያችሁ ደግሞ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ደቃቅ ፍጥረት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። በዚህ ጊዜ ቀላሉ መድኃኒት ዓሦቹን በቀን አንድ ጊዜ ጨምሮ ማብላት ነው።

መጠኑ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ በቁጥር እንየው። 200 ሊትር ውኃ ውስጥ ፎስፌቱ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ከሆነ በገንዳው ውኃ ሁሉ ያለው ፎስፌት ተደምሮ 10 ሚሊግራም ነው። የወጥ ቤት ሚዛን አይቆጥረውም። በስህተት የተደፋ አንድ ማንኪያ ዱቄት ይህን ቁጥር እጥፍ ድርብ ማድረግ የሚችለው ለዚህ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ፤ ድንጋዩና አሸዋው ፎስፌትን ስለሚይዙ ለሳምንታት አብዝታችሁ እያበላችሁም መለኪያው ደህና ቁጥር ሊያሳያችሁ ይችላል። ድንጋዩ ሲጠግብ ነው ቁጥሩ የሚነሣው፤ ያን ጊዜ ምግቡን ብታቆሙም ድንጋዩ የያዘውን ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ የአንድ ቀን ቁጥር አትመኑ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ለክታችሁ ጻፉ፣ የምታዩትም ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው።

ምግቡን ማዘጋጀት

ደንቡ አንድ ነው፤ ምግቡ ከአፉ አይብለጥ። ለአካንና ለዱንካን የቀዘቀዘ ማይሲስ፣ ትልቅ ከሆነ በምላጭ ለሁለት የተቆረጠ። ለቶርችና ለሐመር የተከተፈ ማይሲስ ወይም ካላነስ የሚባለው ከእሱ ያነሰ የባሕር ፍጥረት። ለጎኒዮፖራና ለኤስፒኤስ ሮቲፈር ወይም ደቃቅ ዱቄት። ፋይቶፕላንክተን (በውኃ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ) የሚባለውን አረንጓዴ ጠርሙስ ለድንጋያማ ኮራል ብላችሁ አትግዙ፤ አዳኞች ናቸው፣ ሥጋ ነው የሚፈልጉት። ኮፔፖድ የሚባሉትን ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ ፍጥረቶች ለማርባት ከሆነ ግን ይጠቅማል።

የቀዘቀዘውን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ትንሽ ስኒ ውስጥ አሟሙት። ሲሟሟ በቀጭን መረብ አጥሩት፤ የተፈጨውና ዘይታማው ውኃ የማንም አፍ ውስጥ ስለማይገባ ገንዳው ውስጥ መግባቱ ትርፉ ቆሻሻ ነው። ከማጥራታችሁ በፊት ግን ከእሱ ሁለት ሦስት ጠብታ አስቀሩ፣ ኋላ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የሟሟ ምግብ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም።

ትዕግሥት ላላችሁ ከሁሉም የሚሻለው ከደረቀ እንቁላሉ በቤት የተፈለፈለ አርቴሚያ፣ ጨው ውኃ ውስጥ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት፣ ነው። አንድ ሊትር ውኃ፣ ወደ 25 ግራም ጨው፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት፣ መብራት፣ እና ከታች በኃይል የሚወጣ አየር። በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። አየሩን ዘግታችሁ ትንሽ ስትጠብቁ ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሕያዋኑ ደግሞ መብራት ወዳለበት ይሰበሰባሉ፤ መብራቱን ከታች አድርጋችሁ ከዚያው በቀጭን ቱቦ መጥጣችሁ በመረብ እጠቧቸው። ገና የተፈለፈለው ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ለትንሽ አፍም ይሆናል። በዚያው ቀን ስጧቸው፤ ይዘውት የተወለዱትን አስኳል ቶሎ ስለሚጨርሱ ካደሩ ምግብነታቸው ይቀንሳል።

የማብላቱ ምሽት

ሰዓቱ መብራቱ ሊጠፋ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ወይም ከጠፋ በኋላ ይሁን። ባሕር ውስጥ ጥቃቅኑ ፍጥረት ከጥልቁና ከድንጋዩ ሥር የሚወጣው ሲመሽ ነው፤ ኮራሉም ክንዱን የሚዘረጋው ያኔ ነው።

1. ዓሦቹን አስቀድማችሁ አብሉ። የጠገበ ዓሣ ከኮራል አፍ አይነጥቅም፣ ቢያንስ ያን ያህል አይነጥቅም።

2. ያስቀራችኋትን ጠብታ ገንዳው ውስጥ ጨምሩና አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ሽታውን ሲያገኙ ይነቃሉ። አካንን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ቀን ለጥ ብሎ ያበጠው ሥጋ ጠርዙ ላይ ወደ ውስጥ ይሸበሸብና ብርሃን የሚያሳልፉ አጫጭር ክንዶች ብቅ ይላሉ፣ መካከሉ ላይ ያለው ስንጥቅም ትንሽ ይከፈታል። ክንድ ያላወጣ ኮራል ላይ ምግብ አትጫኑ፤ ዛሬ አልፈለገም ማለት ነው።

3. ዌቭ ሜከሮቹን (ሞገድ የሚሠሩትን ፓምፖች)፣ መላሹን ፓምፕ (ከሳምፑ፣ ማለትም ከሥር ካለው ገንዳ፣ ውኃ ወደ ላይ የሚመልሰውን) እና ስኪመሩን አጥፉ። ስልካችሁ ላይ የ15 ደቂቃ ማስታወሻ ሙሉ፤ ይህን አትዝለሉት፣ እንደጠፋ ያደረ ፓምፕ የሚያጠፋው ከማንኛውም ረሃብ ይበልጣል። ፓምፑ ሲቆም ከላይ ወደ ሳምፑ የሚወርደው ውኃ የሚያርፍበት ቦታ መኖሩንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ አለዚያ ምንጣፉ ይጠጣዋል።

4. መርፌው የወጣለት ትልቅ ስሪንጅ ጫፉ ላይ ጠንካራ ቀጭን ቱቦ ሰክታችሁ ምግቡን ሳቡ። ከፖሊፑ በላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ ራሱ ወርዶ እንዲያርፍበት። ብትነፉበት ፈርቶ ይዘጋል። ለአንድ አፍ አንድ ወይም ሁለት ማይሲስ ይበቃል። እኛ የወደድነውን እንግዳ ጉርሻ አስተልቀን እንደምናጎርሰው ካደረጋችሁት ይተፋዋል፣ የተፋውም ይበሰብሳል።

5. ቁሙና እዩ። ማይሲሷ ክንዱን ስትነካ ትጣበቃለች፤ ክንዶቹ አንድ በአንድ ወደ መሀል ይታጠፋሉ፣ አፉ ይሰፋል፣ ጠርዙ ይሸፍናታል፤ ትንሽ ቆይቶ ከጭራዋ በቀር የሚታይ የለም። ዱንካን ደግሞ ጭራሽ ጭብጥ ብሎ ይዘጋል። ይህን ካያችሁ ሁለተኛ አትጨምሩ።

6. ሌቦቹን ጠብቁ። ክሊነር ሽሪምፕና ኸርሚት ክራብ የኮራል ሆድ ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ሊያወጡ ይችላሉ፤ ምግቡን ከመንጠቅ አልፈው ሥጋውን ይቀዱታል። ሽሪምፑን በሌላው ጥግ ትልቅ ቁራሽ ሰጥታችሁ አስቀድማችሁ አባብሉት። ካልሆነ የላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ላዩን ቆርጣችሁ ኮራሉ ላይ ድፉበት፣ በአንገቱ በኩል አብሉት፣ እስኪውጥ ተዉት።

7. ማስታወሻው ሲጮህ አሸዋው ላይ የወደቀውን በዚያው ስሪንጅ ምጠጡና ዌቭ ሜከሮቹን አብሩ፣ ቀጥሎ መላሹን ፓምፕ። ስኪመሩን ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ አብሩት፤ የምግብ ዘይት ያለበት ውኃ አረፋውን ስለሚያበላሸው ወዲያው ቢበራ ሊፈስ ይችላል።

በማግስቱ ኮራሉ ትንሽ ቡናማ ነገር ሲያወጣ ብታዩ አትደንግጡ። መግቢያውም መውጫውም አንድ አፍ ነው፣ የተፈጨውን እየጣለ ነው። ማይሲሷ ግን እንዳለች በሰዓታት ውስጥ ተመልሳ ከወጣች ወይ ትልቅ ናት ወይ በዝታለች።

ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ማድረግ

በሳምንት አንዴውን ለአራት ሳምንት ሳትቀይሩ ቀጥሉ። የሳምንቱ ልኬት ካልተነሣ፣ መስታወቱን ከወትሮው ቶሎ ቶሎ መጥረግ ካላስፈለጋችሁ፣ ለኤልፒኤሶቹ ሁለተኛ ቀን ጨምሩ፤ ሰኞና ዓርብ፣ ወይም የሚመቻችሁን። ስትጨምሩ ቀኑን ጨምሩ እንጂ የአንድ ቀኑን መጠን አታሳድጉ። ጥቂት ጥቂቱን መስጠት አንድ ቀን ከማጨናነቅ ይሻላል። በሳምንት ከሦስት በላይ የሚያስፈልገው ብርሃን የሚጠቀም ኮራል እኔ አላውቅም።

የጠገበ ኮራል ሥጋው አጽሙን አልፎ ያብጣል፣ አካኑ ጠርዝ ላይ አዲስ ትንሽ አፍ ያወጣል፣ ዱንካኑ ሥሩ ላይ አዲስ ራስ ይጀምራል። የተራበው ደግሞ ሥጋው ይሳሳና የአጽሙ ሸንተረር ከሥር ይቆጠራል። ግን ሥጋ መሸሽ ሁልጊዜ ረሃብ አይደለም፤ መብራት ሲበዛበት፣ ሞገድ ሲመታው ወይም ጎረቤቱ ሲነድፈው ያው ነው የሚሆነው። ከማብላታችሁ በፊት እነዚህን አስወግዱ።

ማብላት ስትጀምሩ የሚረሳ ነገር አለ። ያደገ አጽም ካልሲየምና አልካሊኒቲ ይበላል። አልካሊኒቲያችሁ በ8 እና በ9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ) መካከል ቆሞ የነበረ ከሆነና ከወር በኋላ እየወረደ ካያችሁት ምግቡ እየሠራ ነው፤ የምትጨምሩትን የአልካሊኒቲ መጠን ከፍ አድርጉ።

ቶርች ወይም ሐመር ላይ ቡናማ ዝልግልግ እየበዛ ሥጋው እየረገፈ ካያችሁ ምንም አታብሉ። ይህ ብራውን ጄሊ የሚባለው በሽታ ነው፤ የታመመውን ራስ ለይቶ ማውጣት ነው መፍትሔው።

ሰን ኮራል፣ የነጣና አዲስ ኮራል

ሰን ኮራል ዞዛንቴሌ የለውም፤ የማይበላ ከሆነ ይሞታል፣ ሌላ መንገድ የለም። ቀይ ባሕርን ጨምሮ በብዙ ሞቃት ባሕሮች በድንጋይ ጥላ ሥር ይበቅላል፣ ሲመሽም ይከፈታል። ብርቱካናማ አበባ መስሎ ሱቅ ውስጥ ሲያማልል እያንዳንዱ አፍ ለየብቻው እንደሚበላ ብዙ ገዢ አያስተውልም። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ቢቻል በየሁለት ቀኑ፣ እያንዳንዱ ፖሊፕ አንድ ማይሲስ። በሥራ ምክንያት አምሽታችሁ የምትገቡ ከሆነ አትግዙት ነው ምክሬ። ከገዛችሁት ከፍ አድርጋችሁ እጅ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ሳይከፈት አልበላ ካለ ትንሽ የገንዳ ውኃ በያዘ ጎድጓዳ ሳህን አውጡት፣ ምግቡን ጨምሩበትና ከሠላሳ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ጨለማ ውስጥ አቆዩት፤ ሳህኑ ውስጥ የቀረውን ውኃ ወደ ገንዳው አትመልሱ። ሰዓቱን ካልቀያየራችሁበት ከጊዜ በኋላ በዚያው ሰዓት ራሱ መከፈት ይጀምራል።

በሙቀት ወይም በድንገተኛ የመብራት ለውጥ የነጣ ኮራል ሥጋው ውስጥ የነበሩት አጋሮቹ አልጌዎች ስለሄዱበት በአፉ መኖር አለበት። አንድሪያ ግሮቶሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የሃዋዩ ሞንቲፖራ ካፒታታ ነጥቶ ሳለ አደኑን ጨምሮ የዕለት ጉልበቱን በሙሉ ከምግብ ማግኘት ችሏል። አብሮት የተጠናው ፖሪቲስ ኮምፕረሳ ግን እንዲህ አላደረገም። ስለዚህ ክንዱን የሚያወጣ ከሆነ በየሁለት ቀኑ በጣም ትንሽ ስጡት፣ መብራቱንም ቀንሱለት፤ የማያወጣውን አታስገድዱ።

አዲስ ኮራል ሲገባ አንድ ሳምንት ያህል ምንም አትስጡት። ይረጋጋ፣ ክንዱን ሲያወጣ ካያችሁ በኋላ በግማሽ መጠን ጀምሩ።

ከቤት ስትርቁ

ለሁለት ሳምንት ጉዞ ብርሃን የሚጠቀም ኮራል ማንም ሳያበላው ይቆያል። ዓሦቹን የሚያበላላችሁ ሰው ካለ ኮራሉን አብላልኝ አትበሉት። የዓሦቹን ምግብ የየቀኑን በየትንሽ ላስቲክ ከፋፍላችሁ ቀን ጻፉበት፣ ፍሪዘር ውስጥ ፊት ለፊት አስቀምጡት፤ የቀረውን ምግብ ግን፣ ሰውየው ደግ ከሆነ በተለይ፣ በማያገኘው ቦታ ደብቁት።